ለመንቀስ የሚማር ልጅ ምን ይግዛ?

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ማታ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በብብቱ አንዲት ጥቁር ሻንጣ ታቅፏል። ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ «መምህር፥ መርፌ ስንት ደቂቃ ይቀቀላል?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ በብቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰው ደጃፌ ድረስ መጥቶ ስለ መቀቀል ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው ከሙያዬ ነውና። «ሃያ ደቂቃ» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ደግነቱ አስቀድሜ «የምን መርፌ?» አልሁት። ሻንጣዋን ከፍቶ አሳየኝ።

ይህ ልጅ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት አንዱ ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ከ845 ሺህ ከሚበልጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሱ ከቀሩት ወገን ሆነ። በክፍል ሳለ ደብተሩ ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነበር፤ እኔም ስለዚሁ ደጋግሜ ተቆጥቼዋለሁ። ከፈተናው በኋላ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ሄዶ፥ በአንድ የንቅሳት ቤት ወለል እየጠረገና የጌታውን እጅ እያየ ጥቂት ወራት ቆየና፥ ባጠራቀማት ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ተመለሰ። አሁን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የብቸናን ጎረምሳ ክንድ ይነቅሳል። የሚበዛው መስቀልና የእናት ስም ነው፤ ደፈር ያለው ደግሞ የበላይ ዘለቀን ጎፈሬ በክንዴ ላይ ካላየሁ ይላል።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ለበዓሉ ስምንት ሰዎች ቀብድ ከፍለው ተመዝግበዋል። ከአዲስ አበባ ያዘዘው የመርፌ ጥቅል ግን መንገድ ተዘግቶ አልደረሰም። ያልተከፈቱ ሦስት መርፌዎች ብቻ ቀርተውታል። የተጠቀመባቸውን ግን አልጣላቸውም፤ በአንድ የማር ጠርሙስ አጠራቅሟቸዋል። እነዚያን ቀቅሎ ሊነቅስባቸው ፈለገ። የወሩ የቤት ኪራይ በዚያው በዓል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተ ሙከራችን ይዤው ገባሁ። ቤተ ሙከራ ብዬ ስጠራው አትሳቁብኝ፤ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና ሦስት ያልተሰበሩ ቴርሞሜትሮች አሉት። ውኃ ጣድን። ሲፍለቀለቅ ቴርሞሜትሩን አስገባሁና «አንብብ» አልሁት። «92» አለኝ። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አነበበው፤ ያው 92 ነው። መጽሐፉ 100 ይላል፤ እኔም 100 ብዬ አስተምሬዋለሁ፤ በፈተናም 100 ብሎ መልሶ ነጥብ አግኝቷል።

ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የሚጫነን አየር የባሕር ጠረፉን አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ውኃው ቀደም ብሎ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱን ብታበዙበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። በደጋ ባቄላ አልበስል ብሎ እናቶቻችንን የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ92 ዲግሪ የሚሞት ተዋሲያን ብዙ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቲታነስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ የሚተኛበት ጠባይ አለው፤ ያን ጊዜ እንኳን በ92 በ100ም ዲግሪ በቀላሉ አይሞትም። እሱን የሚገድለው በግፊት የታመቀ እንፋሎት ነው፤ ይኸውም በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህን የሚሠራው በጤና ጣቢያ የምናየው፥ ትልቅ ድስት የሚመስለው አውቶክሌቭ ነው። በዚህም ላይ ከፍታችን ያታልላል። የውጭ አገር መጽሐፍ «ጠቋሚው በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል» ይላል። ጠቋሚው ግን የሚናገረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፥ በእኛ ከተማ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ከ117 ዲግሪ አያልፍም፤ 121 ለመድረስ ወደ 19 ከፍ ማለት ይኖርበታል። ይህን ለአንድ የጤና ባለሙያ ወዳጄ በኩራት ብነግረው «እኛማ የምናየው ሙቀቱን ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ለልጁ መርፌ ግን አውቶክሌቩም አይበጅም። የዛሬው የንቅሳት መርፌ በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ የተቀመጠ፥ አንድ ሰው ላይ ውሎ እንዲጣል የተሠራ ነው። ደሙና ቀለሙ በቀፎው ውስጥ ተጣብቆ ይደርቃል፤ ያን የሚያጥብ ብሩሽ የለም፤ ያልታጠበ ነገር ደግሞ ቢቀቀል ነጽቷል አይባልም። በዓይን የማይታይ ጠብታ ብቻ ለጉበት በሽታ ይበቃል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ከሰው ገላ ወጥቶ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። የዚህ በሽታ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ በየቢሮው ተቀጥራችሁ የምትሠሩ አንባቢዎቼ አብዛኛዎቻችሁ፥ እኔም ጭምር፥ በልጅነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። የሚነቅስ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህን ክትባት ሦስት ጊዜ ይውሰድ፤ የመንጋጋ ቆልፉንም አብሮ ይጠይቅ።

ልጁ ጠርሙሱን እያየ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አምስቱን ምን ልበላቸው?» አለኝ። የምመክረው አልነበረኝም። ሦስቱን ነቀሰ፤ አምስቱን ቀብዳቸውን መልሶ አሰናበተ። ከአምስቱ ሁለቱ ተቆጥተው ሄዱና፥ በከተራ ማታ በአንድ ጎረምሳ ቤት በስፌት መርፌና በእስክሪብቶ ቀለም ተነቀሱ። አንደኛው አሁንም ተማሪዬ ነው፤ ክንዱን በሹራብ ሸፍኖ ክፍል ሲገባ አየዋለሁ።

አንዳንድ አንባቢ «መምህር ሆነህ ስለ ንቅሳት ማስተማር ምን ይሉታል?» ይለኝ ይሆናል። እኔ ተነቀሱ አልልም። በክንዴም ምንም የለብኝ። ነገር ግን ልጆቹ ዝም ብንላቸውም ይነቀሳሉ። እንግዲያስ የሚነቅሳቸው ሰው ሥራውን ቢያውቅ አይሻልም?

ለበዓሉ ወደ ሞጣ ሄድሁ። የአዲስ አበባው መንገድ ይዘጋ እንጂ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደው ክፍት ነበር። በሞጣ አያቴ አሉ፤ አያቴም በወጣትነታቸው ነቃሽ ነበሩ። በአንገት ላይ እንደ ድሪ የሚደረደረውን፥ በግንባር ላይ መስቀል የሚሆነውን፥ ድድን የሚያጠቁረውን ንቅሳት ታውቁታላችሁ፤ የብዙዎቻችሁ እናት ወይም አያት አንገት ላይ አለና። በዚያ አካባቢ ካለው ጥቂቱ የአያቴ እጅ ሥራ ነው።

ዕቃቸው ሁሉ በአንዲት ሙዳይ ይገባ ነበር አሉኝ። ጎን ለጎን በክር የታሰሩ ሦስት መርፌዎች፥ ንድፍ የሚያወጡበት አንዲት ቀጭን እንጨት፥ ቀለም የሚያሹበት አንድ ገል። ቀለሙ የኩራዝ ጥላሸት ነው፤ ገሉን ከነበልባሉ በላይ ደፍተው ጥላሸቱን ይሰበስቡና በቅጠል ጭማቂ ያሹታል። ዋጋው አንድ ቁና ጤፍ። «ለመማር ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሁለት ክረምት በዱባ ላይ፤ ከዚያም በገዛ ባቴ ላይ» አሉና ቀሚሳቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ጠማማ መስመሮች አሁንም አሉ፤ ከላይ ያሉት ይንጋደዳሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ እየቀኑ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ የተማሪ ደብተር አይቼ አላውቅም።

አንገት የሚነቀሰው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። እንቅርት የወጣባት ሴት ይሸሽልኛል ብላ ትነቀስ ነበር፤ ቁስሉ ሲመረቅዝባት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንባታል። መድኃኒቱ አዮዲን ያለበት ጨው መሆኑን ዛሬ ሁላችንም ተምረናል። ሆኖም ለሕመም መነቀስ የእኛ ብቻ ልማድ አይምሰላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ወሰን ከበረዶ ውስጥ በተገኘው፥ ከ5,000 ዓመት በፊት በሞተው ሰው ገላ ላይ 61 የንቅሳት ምልክት ተቆጥሯል። የዚያም ቀለም ጥላሸት ነው፤ ብዙዎቹ ያረፉትም በወገብና በመገጣጠሚያ አካባቢ ስለሆነ ለሕክምና ሳይነቀሱ አልቀሩም ይባላል።

«መርፌውንስ ይቀቅሉት ነበር?» አልኋቸው። «በእሳት አሳልፌ በነጠላዬ እጠርገው ነበር» አሉኝ። እሳቱ ያጸዳውን ነጠላው እንደሚያቆሽሸው ልነግራቸው ስል፥ እሳቸው ቀድመው፥ «የጎረቤት ልጅ ነበረች» አሉ። «ለሠርጓ ድዷን ነቀስኋት። በስምንተኛው ቀን መንጋጋዋ ገጠመ።» ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከእሳቸው መርፌ ይሁን ከሌላ እስከ ዛሬ አላወቁም። መርፌዎቹን ያን ጊዜ ቀበሩአቸው፤ ሙዳይዋ ዛሬ ክር ይቀመጥባታል።

እንግዲህ ወደ መግዛቱ እንምጣ። ይህን ሥራ ለመማር ቆርጠህ፥ ገንዘብህን በኪስህ ይዘህ መርካቶ የገባህ ልጅ ሆይ፥ ነጋዴው መጀመሪያ የሚያወጣልህ ሃያ ቀለም፥ ሁለት መኪናና ብዙ ኮተት የታጨቀበት የሚያብረቀርቅ ሻንጣ ነው። አትግዛው። ከዚያ ሁሉ የሚጠቅምህ አንድ መኪናና አንድ ጥቁር ቀለም ሲሆን፥ እነዚያም በሻንጣው ውስጥ ካሉት ሁሉ የባሱት ሆነው ይገኛሉ።

መኪናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሁለት የመዳብ ጥቅል የሚሠራ ነው፤ አሠራሩም በፊዚክስ መጽሐፋችሁ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ደወል ነው፤ ኤሌክትሪኩ ማግኔቱን ያነቃዋል፥ ማግኔቱ ብረቱን ይስባል፥ ብረቱ ሲሳብ መስመሩ ይቋረጣል፥ እንደገና ይመለሳል። በደወሉ ፋንታ መርፌ ይመታል። ከባድ ነው፤ ይጮኻል፤ ጠባዩን ለማስተካከልም ልምድ ይጠይቃል። ሁለተኛው በትንሽ ሞተር የሚዞር፥ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ የሚያዝ ነው፤ ቀላልና ዝምተኛ ስለሆነ ለጀማሪ ይህ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የምትኖር ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን ግዛ፤ ሰው በግማሽ መስቀል ወደ ቤቱ መላክ አይገባም።

የቢሮ ሠራተኞች ሆይ፥ ይህ መኪና ከእናንተ ጠረጴዛ የተነሣ መሆኑን ታውቁ ኖሯል? ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ደብዳቤ ማባዣ እንዲሆን፥ ወረቀት እየበሳ የሚጽፍ የኤሌክትሪክ ብዕር የፈጠራ መብት አወጣ። ቀለም በቀዳዳዎቹ እያለፈ ብዙ ቅጅ ይታተምበት ነበር። በ1891 ደግሞ ሳሙኤል ኦራይሊ የሚባል የኒው ዮርክ ነቃሽ ከዚያ አሳብ ተነሥቶ የንቅሳት መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። የማባዣው ብዕር ብዙ አልቆየም፤ የቆዳው ቀረ።

መርፌ ስትገዛ በክብ የታሰሩ አምስት ወይም ሰባት ጫፍ ያላቸውን የመስመር መርፌዎች ምረጥ። ባለ ሦስቱ ቀጭን ስለሆነ በጀማሪ እጅ ቆዳ ይቆርጣል። የእያንዳንዱን እሽግ ጀርባ አንብብ፤ በጋዝ የጸዳ መሆኑና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎ መገኘት አለበት። ወረቀቱ የተቀደደ ወይም እርጥበት የነካው ከሆነ ለልምምድ እንጂ ለሰው አይሆንም። ቀፎ ያለውን ስትገዛ ደም ወደ መኪናው እንዳይመለስ የሚያግድ የላስቲክ ሽፋን በውስጡ መኖሩን ጠይቅ፤ ርካሹ ይህ የለውም።

አሁን የምናገረው ነገር ለእኛ አገር ሰው ይከብዳል። ከገንዘብህ ግማሹን ለሚጣል ነገር አውጣ። እኛ ሳሙናን እስክትሳሳ፥ ጫማን እስኪበሳ፥ ፌስታልን እስኪቀደድ የምንጠቀም ሰዎች ነን፤ የሚጣል ነገር መግዛት እንደ ኃጢአት ይቆጠርብናል። ልጁ መርፌዎቹን በማር ጠርሙስ ያጠራቀመው ስስታም ስለሆነ አይደለም፤ ያልተሰበረ ነገር መጣል ስላላስተማርነው ነው። በዚህ ሥራ ግን ጓንት ይጣላል። ቀለም የሚቀዳባት ትንሽ ኩባያ ትጣላለች፤ የተረፈው ቀለም ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። መኪናውንና ገመዱን የሸፈነው ፕላስቲክ ይጣላል። ቫዝሊኑን በጣት ሳይሆን በንጹሕ እንጨት አውጣ፤ እንጨቷም ትጣላለች። በሥራ መካከል ስልክ ተደውሎ ከነጓንትህ ካነሣህ ጓንቱን ለውጥ፤ ወይም ስልኩን ተወው። ይልቁንም ተወው።

ጠረጴዛውን ለማጽዳት በረኪና ይበቃል፤ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅል፤ የትናንቱን አፍስሰህ በየቀኑ አዲስ ሥራ። ለገላ የሚሆነው አልኮል 70 እጁ ነው፤ ከፍ ያለው የተሻለ ይመስላል እንጂ ውኃ ስላነሰው ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። መርፌ መጣያው የማይበሳ ሣጥን ይሁን። ልጁ ጠርሙሱን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ከእነሱ መርፌ ጋር እንዲያቃጥሉለት ለመናቸው፤ ተቀበሉት። «ጠርሙሱን መልሱልኝ» ቢል ግን እምቢ አሉት፤ ደግ አደረጉ።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። አያቴ የተጠቀሙበት ጥላሸትና ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጠው ጥሩ ጥቁር ቀለም በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። በዲማና በደብረ ወርቅ ብራና ይጽፉ የነበሩ ሊቃውንትም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ነበር የሚያወጡት። ልዩነቱ የዛሬው የተጣራና ከተዋሲያን የጸዳ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ጥቁር ብቻ ይግዛ፤ የሠሪው ስም፥ የተሠራበት ቁጥርና ቀን ያለበት፥ ክዳኑ ያልተነካ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከልክሏል ወይም ወስኗል፤ እዚያ የተከለከለው ቀይና ቢጫ ወዴት እንደሚሸጥ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። የእስክሪብቶ ቀለም ለወረቀት ነው። ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው ጥቁር ነገር ጥቁር ሰሌዳ እንቀባበታለን፤ ማንጋኒዝና የሚያቃጥል ጨው ስላለበት ወደ ቆዳ አይገባም። በጸጉር ቀለም እጃቸውን የሚያስጌጡ ሙሽሮችም ይጠንቀቁ፤ ቆዳቸው ተልጦ ያየሁት አለና፤ እንሶስላ ምን አደረጋቸው?

ልምምዱ የት ይሁን? የውጭ አገር መጻሕፍት በአሳማ ቆዳ ላይ ተለማመድ ይላሉ። በሞጣ ገበያ የአሳማ ቆዳ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚደርስበት አስቡት፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ባንድ ድምፅ የሚያባርሩት እሱን ነው። ለልምምድ የሚሸጥ የላስቲክ ቆዳ አለ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የብርቱካን ልጣጭ ይበቃል፤ ብትጫነው ጭማቂው ይወጣል፤ ያን ጊዜ በጣም መግባትህን ታውቃለህ። ከዚያ የፍየል ቆዳ። ዛሬ የቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግሥት በየደጁ ተጥሎ ይገኛል። ጸጉሩን ፍቀህ፥ ታጥቦ እርጥብ እንዳለ፥ እንደ ብራና በሣንቃ ላይ ወጥረህ ቸንክረው። ከደረቀ ብራና ይሆናል፤ ያ ሌላ ሙያ ነው።

በዚያ ላይ የምትማረው ጥልቀት ነው። የላይኛው ቆዳችን በአንድ ወር ያህል እየተላጠ ይታደሳል፤ ቀለሙ በዚያ ብቻ ከቀረ አብሮ ይሄዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ገብቶ ሁለተኛው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ገላችን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊበላው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሣይ ተመራማሪዎች በአይጥ ቆዳ ላይ እንዳሳዩት፥ ቀለሙን የዋጠው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው መልሶ ይውጠዋል፤ ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ከዚያም አልፎ ከገባ ቀለሙ እንደ ዘይት ይሰራጫል፤ ጠባሳውም ሊያብጥ ይችላል። ኬሎይድ የሚባለው ይህ ያበጠ ጠባሳ እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ቁስሉ የሚያብጥበትን ሰው አስቀድመህ ጠይቅ፤ አዎ ካለህ አሰናብተው። አያቴ ስለ ጥልቀት ሲናገሩ «እጅ ከከበደ ቆዳ ያኮርፋል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

ንድፉን ያለ ወረቀት አትጀምር። በኢየሩሳሌም ተሳላሚዎችን የሚነቅሱት እንኳ መስቀሉን ከእንጨት ቀርጸው እንደ ማኅተም ቆዳው ላይ ያትሙና በዚያው ላይ ይነቅሳሉ። ፊደል ከሆነ ደግሞ ለሁለት ሰው አስነብብ። አንድ የባንክ ጸሐፊ የእናቱን ስም ከአንዲት ፊደል ጉድለት ጋር በክንዱ ይዞ ይዞራል፤ ቀይ እስክሪብቶዬ የማይደርስበት ስሕተት ይህ ብቻ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነውን፥ የጠጣውን፥ ፊቱን ወይም እጁን የሚለውን አትቀበል። ሸሚዝ የማይሸፍነውን ነገር ጀማሪ አይነቅስም። ለተነቀሰውም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሳሙና እንዲያጥበው፥ ቅርፊቱን እንዳይልጥ፥ ፀሐይ እንዳያስመታው ንገረው፤ ቅቤ መቀባቱን ለጸጉሩ ይተወው።

መርፌዎቹ በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ደረሱ። ከተመለሱት አምስት ሦስቱ ተመልሰው መጡለት። እስከዚያው ልጁ ሁለት የፍየል ቆዳ ጨርሶ ነበር፤ ከአንደኛው አንድ መስቀል ያለበትን ቁራጭ ቆርጬ ለአያቴ ወሰድሁላቸው። ወደ ብርሃን አወጡት፤ መነጽር ስለማይወዱ በጣታቸው መስመሩን ተከትለው ዳሰሱት። «እጅ አለው» አሉ። ወደ ቀኝ ጥግ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ላይ ከብዷል» ብለው መለሱልኝ። ቁራጩን ለልጁ ሰጠሁት፤ ያቺን ጥግ በአዲስ ቆዳ ላይ እየደጋገመ ይሠራታል።